ከባለበትሩ በስተግራ ያለው ቦታ

ባሏ ሮስኮ የሞተ ሰሞን ኔልዳ አላለቀሰችም። ሰዉም "ጠንካራ ናት" አላት። እንባዋ የመጣው ከቀብሩ በኋላ በመጀመሪያው ቅዳሜ ነው፤ ከምሳ በኋላ ባርኔጣውን ከመስቀያው አውርዶ "እመቤቴ፣ አንወጣም እንዴ?" የሚላት ባጣች ጊዜ። ባርኔጣው እንደተሰቀለ ነው። እሷ ግን በልማድ ጫማዋን አጥልቃ፣ ቦርሳዋን አንግታ በሩ ላይ ቆማ ነበር።

ላስ ቬጋስ ሰው የሚያልፍበት እንጂ የሚኖርበት የማይመስላቸው ሞልተዋል። ታዲያ የሆቴሉን አንሶላ ማን ይተኩሰዋል? አሳንሰሩ ሲቆም ማን ይጠግነዋል? አንሶላውን ኔልዳ፣ አሳንሰሩን ሮስኮ። ሠላሳ ዓመት እንዲህ ኖሩ። ልጅ አልሰጣቸውም፤ ቅዳሜን ግን ሰጥቷቸዋል። ቅዳሜ ከሰዓት ወደ ፍሪሞንት ጎዳና ወርደው የሳምንቱን አስቤዛ ይሸምቱና፣ ደጃፉ ላይ ከመብራት የተሠራች በቅሎ ወደምትራገጥበት ቁማር ቤት ጎራ ይላሉ። የሰፈሩ ሰው ቤቱን "በቅሎዋ" ነው የሚለው። ከበሩ ሲያልፉ መንገዳቸው ይለያያል፤ እሱ ክራፕስ ወደሚባለው የቁማር ጠረጴዛ፣ እሷ ወደ ምሳ ቤቱ ባንኮኒ።

ባንኮኒው ላይ የምትቀመጥበት ወንበር አንድ ነው፤ ከዳር ሦስተኛው። የሎሚ ኬክ ታዛለች፣ መጽሔቷን ትገልጣለች፣ ጀርባዋን ለጠረጴዛው ትሰጣለች። ሆን ብላ ነው። ኔልዳ የኦክላሆማ ሰባኪ ልጅ ናት፤ አባቷ ወታደሮቹ በጌታ ልብስ ላይ ዕጣ የተጣጣሉት በዳይስ፣ በባለነጥቡ የቁማር ጠጠር፣ ነው እያለ አሳድጓታል። ዳይስ በእጇ ነክታ አታውቅም። ይህ ደግሞ በክራፕስ ሰዎች ዘንድ ቀላል ነገር አይደለም። በእነሱ እምነት፣ ዳይስ ጨብጣ የማታውቅ ሴት የመጀመሪያ እጇ ገደኛ ነው፤ እሷ ስትወረውር ጠረጴዛው በሙሉ ይባረካል። ሮስኮ እንዲህ ያለችውን ሴት ሚስት አድርጎ ባዶ እጁን ይመጣል! ጓደኞቹ እንዴት ይተዉት?

"ነይ እንጂ፣ አንዴ ብቻ ወርውሪልኝ" ይላታል በየቅዳሜው።

"እጄን አላረክስም።"

"ስንት አንሶላ ያጠራ እጅ በዳይስ ይረክሳል?"

"ሂድ ወዲያ፣ ጓደኞችህ ይጠብቁሃል!"

ይስቅና ይሄዳል። የመጨረሻዋ ቅዳሜ ዕለት ግን አልጠየቃትም። ትከሻዋን ዳሰስ አድርጎ ሄደ። እሷ "እምቢ"ዋን አዘጋጅታ ትጠብቅ ነበር። ሰኞ ልቡ ቆመ። ቢጠይቃትም እምቢ ትለው እንደነበር ታውቀዋለች፤ የሚያንገበግባትም ይኸው ነው። ለምን ተወ? ሰለቸው? ወይስ ተስፋ ቆረጠ? ያቺ ውርወራ የእሱ ነበረች። ዘግይታም ቢሆን ልትሰጠው ፈለገች። እሱ በቆመበት ቆማ፣ ይህን ሁሉ ዓመት ያለ እሷ ምን ሲያይ እንደኖረ ማየት አማራት።

በቅሎዋ ማክሰኞ ጠዋት ጀማሪዎችን በነጻ ታስተምራለች። ዓሣ አጥማጅም ትሉን የሚሰጠው በነጻ ነው። አስተማሪው ዴልበርት ነበር፤ በረጅም በትር ዳይሶቹን ወደ ወርዋሪው የሚገፋ፣ ሮስኮን ከጥንት ጀምሮ የሚያውቅ ሰው።

"እትዬ ኔልዳ! ምን እግር ጣለዎት?"

"ክራፕስ አስተምረኝ።"

"ጋሽ ሮስኮ ይህን ቢያይ!"

"ሳያይ ቀረ። አስተምረኝ አልኩህ።"

ዴልበርት በትሩን አነሳ። "ይኸውልዎት። ገንዘብ ከእጅ ወደ እጅ አይሰጥም፤ ጠረጴዛው ላይ ያኖሩታል፣ ቤቱ በሸክላ ሳንቲም ይለውጥልዎታል። ሳንቲሙን እዚህ መስመር ላይ ያስቀምጡ። መጀመሪያ ሲወረውሩ የሁለቱ ዳይሶች ድምር ሰባት ወይም አሥራ አንድ ከሆነ በሉ። ሁለት፣ ሦስት ወይም አሥራ ሁለት ከሆነ ተበሉ። ሌላ ከመጣ እሱ ቁጥርዎ ነው፤ እስኪደገም ይወረውራሉ። ሳይደገም ሰባት ከቀደመ ግን አለቀ፣ ዳይሱ ወደሚቀጥለው ሰው ያልፋል።"

"መጀመሪያ ወዳጅ፣ በኋላ ጠላት?"

"ልክ እንደ አማቴ። ቁጥር ከተያዘ በኋላ ደግሞ ሰባትን በስሟ እንዳይጠሯት፤ ሰዉ በዓይኑ ይበላዎታል።"

ቁጥር ሲያዝላት ከሳንቲሟ ጀርባ ሌላ መጨመር እንደምትችል፣ በዚያ ጭማሪ ላይ ቤቱ ትርፍ እንደማይዝ ነገራት። ጠረጴዛው መሀል ያሉት የሚያብለጨልጩ ውርርዶች የሞኝ መሆናቸውንም አልደበቃትም። በአንድ እጅ ብቻ እንደሚወረወር፣ ዳይሱ የጠረጴዛውን የማዶ ግድግዳ መንካት እንዳለበት አሳያት። ሁሉንም በአንድ ጠዋት ያዘችው። ዳይሶቹን ወደ እሷ ሲገፋቸው ግን እጇን ወደ ኋላዋ አጣመረች።

"ይወርውሩ እንጂ፣ ይህ ልምምድ ነው፤ አይቆጠርም።"

"እጄ ይቆጥረዋል። የመጀመሪያዋ አንዲት ናት፤ ለቅዳሜ ትቀመጥ።"

ቤቷ ገብታ በሁለት ጥርብ ስኳር ተለማመደች፤ የዳቦ ሳጥኑን ግድግዳ አድርጋ። ሐሙስ ዕለት ወለሉን ጉንዳን ወረረው። እሷም እያጸዳች ብቻዋን ሳቀች፤ ሳቋ ሳያልቅ ሮስኮ ትዝ አላትና ጉንዳኖቹን ትታ ተቀመጠች።

ቅዳሜ ጠረጴዛው ሞልቶ ነበር። ከዴልበርት በስተግራ ያለው ቦታ ብቻ ክፍት ነው። የሮስኮ የድሮ ጓደኛ ክሊተስ ባርኔጣውን እዚያ አኑሮ ሰው አላስገባ ብሎ ነበር።

"ነይ ግቢ፣ የባልሽ ነው" አላት ባርኔጣውን እያነሳ። "ሌላ ቦታ ቆሞ አይጫወትም ነበር እኮ! ሰው ከያዘበት እንደ ደጅ ጠኚ ባርኔጣውን ይዞ ይጠብቃል። ቦታ ያመልካል እያልን ስንቱን ቀን ሳቅንበት።"

ኔልዳ ገብታ ቆመች። ዳይሱ ዞሮ ዞሮ ሲደርሳት ዴልበርት ድምፁን ከፍ አደረገ፦

"አዲስ ወርዋሪ! በሕይወቷ ነክታ አታውቅም!"

ጠረጴዛው ተንጫጫ፤ ሳንቲም ያልጨመረ የለም። ኔልዳ ዳይሶቹን አነሳች። ከስኳሩ ይከብዳሉ። ወረወረች። አሥራ አንድ! እልልታ ሊባል ምንም አልቀረው። ደግማ ወረወረች፤ ስምንት። ቁጥሯ ስምንት ሆነ። ከዚያ አምስት፣ ከዚያ ዘጠኝ፣ ከዚያ እንደገና አምስት። ሰው ሁሉ ከእሷ ጋር ይተነፍሳል።

"እሰይ የሮስኮ ሚስት!" ሲል ጮኸ ክሊተስ። "እስከዛሬ የት ተደብቀሽ ነው?"

"እዚያ ነዋ" ልትለው እጇን ወደ ምሳ ቤቱ አንስታ ቀና አለች።

ከፊት ለፊቷ ሁለት አጫዋቾች ቆመዋል፤ በመሀላቸው የቤቱን ገንዘብ የሚጠብቀው ሰው ተቀምጧል። ከዚያ ራሰ በራ ሰውዬ አናት በላይ፣ በሁለቱ ትከሻ መካከል፣ ባንኮኒው ይታያል። ባንኮኒው ሁሉ አይደለም፤ ሦስተኛው ወንበር ብቻ። ወደ ቀኝ ጠጋ ብላ አየች፤ የአጫዋቹ ጀርባ ጋረደባት። ወደ ግራ አለች፤ ያኛው ጋረደባት። ወደ ሮስኮ ቦታ ተመለሰች፤ ወንበሩ አለ። ባዶ ነው።

"ዴልበርት" አለች ቀስ ብላ፣ "ሮስኮ ሲጫወት ወዴት ነበር የሚያየው?"

"ወደ ምሳ ቤቱ ነዋ። 'ጋሽ ሮስኮ፣ ዳይሱን ይዩ እንጂ' ስንለው ይስቃል። ኬኩ አምሮት ነው እያልን እንቀልድበት ነበር።"

ኔልዳ ጠረጴዛውን ያዘች። ሠላሳ ዓመት ያየው ጀርባዋን ነበር። አንድ ቅዳሜ፣ ለአንዲት አፍታ፣ ዞር ብላ ቢሆን ኖሮ ዓይኗ ከዓይኑ ይጋጠም ነበር።

"ይወርውሩ እንጂ!" አለ ከወዲያ ጥግ አንዱ።

ወረወረች፤ ዳይሱን ሳታይ፣ ወንበሩን እያየች። ቁጥሩን የነገራት የሰዉ ድምፅ ነው። "ኤጭ!" አሉ በአንድ አፍ። ሰባት ነበር። ዴልበርት ዳይሶቹን በበትሩ ሰብስቦ ወደሚቀጥለው ሰው ገፋቸው።

"አይዞሽ፣ ለመጀመሪያ እጅ መቼ አነሰ" አላት ክሊተስ። "ተራሽ እስኪደርስ ቁሚ።"

"ይበቃኛል። ባርኔጣህንም አንሳ፤ ሰው ይግባበት።"

ሄዳ ከዳር ሦስተኛው ወንበር ላይ ተቀመጠች። አስተናጋጇ ሳትጠየቅ የሎሚ ኬኩን አስቀመጠችላት። ኔልዳ ግን ወንበሩን አሽከረከረች፤ ጀርባዋን ለኬኩ ሰጥታ ፊቷን ወደ ጠረጴዛው አዞረች። ከዴልበርት በስተግራ የማታውቀው ሰው ቆሟል። በሁለቱ አጫዋቾች መካከል ፊቱ ፍንትው ብሎ ይታያል። ኔልዳ ቀና እስኪል ጠበቀች። ሰውዬው የሚያየው ዳይሱን ብቻ ነበር።