ጤናን መጨረሻ ያስቀመጥኩ ዕለት

ተናድጄ ነው የምጽፈው፤ አንባቢ ይህን አስቀድሞ ይወቅልኝ። ሰው ሲናደድ እጁ ይንቀጠቀጣል ይላሉ፤ የእኔ እጅ ሳልናደድም ይንቀጠቀጣልና ከጽሕፈቴ አይታወቅም፤ ስለዚህ በግልጽ መናገር አለብኝ። የተናደድኩባቸው ብዙ ናቸው፤ የኢንተርኔት ቤቷ ልጅ፣ የበረንዳ ጓደኞቼ፣ ያን ፎርም ያዘጋጀው ሰው። ግን እነዚህን ሁሉ አንድ በአንድ ፈትሼ ስጨርስ፣ ከወንፊቱ ላይ የሚቀር አንድ ጥርሰ ወላቃ ሽማግሌ አለ። እሱን ደግሞ በየማለዳው ፊቴን ስታጠብ መስታወት ውስጥ አገኘዋለሁ።

ነገሩ የልጅ ልጄ ነገር ነው። እናቷ አዘና ናት፤ ልጅቷ ግን እንጅባራ እኔ ዘንድ ሆና ተማረች፤ አሥራ ሁለተኛንም አለፈች፤ ዩኒቨርሲቲም ደረሳት። የደረሳት ዩኒቨርሲቲ ሩቅ ነው፤ እንደ ሌላው በአንድ አጥር ውስጥ ያለም አይደለም፤ ስድስት ግቢ አለው። እያንዳንዱ ግቢ የራሱ ዶርም፣ የራሱ ካፌ፣ የራሱ ቤተ መጻሕፍት፣ የራሱ ዘበኛ አለው፤ ከአንዱ ወደ ሌላው የሚኬደው በአውቶቡስ ነው አሉ። ተማሪው የሚተኛው፣ የሚበላውና የሚማረው በተመደበበት ግቢ ነው። የጤናው ግቢ ጤና ያስተምራል፤ የንግዱ ግቢ ንግድ ያስተምራል፤ አንዱ የሌላውን አያስተምርም። እናም አዲስ ገቢው ሁሉ ስድስቱን በቅደም ተከተል ሞልቶ በኢንተርኔት ይላክ ተባለ።

ልጅቷ የምትፈልገው አንዱን ብቻ ነው። አዋላጅ ነርስ መሆን አለብኝ ብላለች። በአንድ ክረምት የእናቷ ጎረቤት በቃሬዛ ስትወሰድ ጤና ጣቢያ ሳትደርስ ጭቃው ላይ ወለደች፤ የልጅ ልጄ ጃንጥላ ይዛ ቆማ ነበር። ከዚያ ወዲህ ሌላ ወሬ የላትም።

ፈተናውን ጨርሳ እናቷን በድንች ማውጣት ልታግዝ አዘና ወርዳ ሳለ ደወለችልኝ።

«አባባ፣ ፎርሙ መጥቷል አሉ። እዚህ ኔትወርኩ አንዴ ይመጣል አንዴ ይጠፋል። እርስዎ ያስሞሉልኝ። የእኔ ጤና ነው፤ ሌላውን እንዳሻዎት ያርጉት።»

«አንቺ ልጅ፣ ሠላሳ ዓመት ማመልከቻ የጻፈ ሰው ፎርም ይቸግረዋል?»

እውነቴን ነው። ዳንግላ ፍርድ ቤቱ በር ላይ ሠላሳ ዓመት ጠረጴዛ ዘርግቼ ራፖር ጽፌያለሁ። ስንቱ ባለጉዳይ በእኔ ብዕር አልቅሷል! ስለዚህ ያን ቀን ስልኩን ዘግቼ ስወጣ ደረቴ ከጋቢዬ ቀድሞ ነበር የሚሄደው።

በቀጥታ ወደ ኢንተርኔት ቤት ብሄድ ኖሮ ዛሬ የምጽፈው ነገር ባልኖረ። እኔ ግን የሄድኩት ወደ ልብስ ሰፊው በረንዳ ነው። እዚያ የቀርከሃ ወንበሮች አሉ፤ ከጡረታዬ ወዲህ አንደኛው ወንበር የእኔን ቂጥ ቅርጽ ይዟል። ሁልጊዜ ሁለት ጓደኞቼ አሉ፤ አንዱ ጡረተኛ ፖሊስ ነው፤ ሌላው ድንች ነጋዴ የነበረ፣ አሁን ምክር የሚነግድ።

ጉዳዩን አቀረብኩ። ምን ነበር የሚያስቀርበኝ? ጉዳዩ ያለቀ ጉዳይ አይደለም? ልጅቷ ጤና አለች፤ ጤና ነው። ግን እኛ ሦስት ሽማግሌዎች ጉዳይ ካገኘን በጥሬው አንለቅም።

«ሕግ ይሻላታል» አለ ፖሊሱ። «የሕጉ ግቢ አጥሩ ጠንካራ ነው አሉ። ለሴት ልጅ አጥር ነው ዋናው።»

«አንተ ዕድሜህን ሙሉ አጥር ስትጠብቅ ኖረህ፣ ሌባው በበር አይደል የገባብህ?» አለው ነጋዴው። «ንግድ ነው የሚሻላት። የጎረቤቴ ልጅ እዚያ ግቢ ነበር፤ ካፌው ውስጥ ሽሮው እንኳ ወፍራም ነው አለኝ። ጠግባ ታድራለች።»

«ልጅቷ ልትማር ነው እንጂ ልትቀለብ ነው?» አልኩት።

«ተርቦ የተማረ አይተናል፤ አንተን!»

እንዲህ እያልን ረፋዱ ሄደ፤ ምሳ ሰዓትም ሄደ። ሦስት ሰው አንዲት ልጅ የት እንደምትተኛ፣ ምን እንደምትበላ፣ በየትኛው አውቶቡስ እንደምትሳፈር ግማሽ ቀን ተከራከረ። አንዳችንም ስልክ አንስተን «ልጄ፣ አንቺስ ምን ትያለሽ?» አላልናትም። አሁን ሳስበው ከሁሉ የሚያቃጥለኝ ይህ ነው። ስልኬ ኪሴ ውስጥ ነበር! ካርድም ነበረው!

በመጨረሻ ታላቃቸው ስለሆንኩ ነገሩን እኔ ዘጋሁ፤ ቅደም ተከተሉንም በወረቀት ጻፍኩ። እዚህ ላይ ነው ያበድኩት፤ ማበዴ ግን ያን ሰዓት ጥበብ መስሎኝ ነበር።

በእኛ ዘንድ ሽምግልና ሲቀመጡ ታናሹ ይጀምራል፤ ታላቁ ይዘጋል። መጀመሪያ የሚናገረው በር ከፋች ነው፤ ፍርዱ ያለው መጨረሻ በሚናገረው አፍ ነው። በጥምቀትም ጨፋሪው ይቀድማል፤ ታቦቱ ከኋላ ይመጣል። በእኔም ሙያ ቢሆን ሰላምታው ከላይ፣ ታሪኩ ከመሐል፣ ዋናው ልመና ከታች ነው የሚጻፍ። ዳኛም የሚያነበው የታችኛውን ነው። በሦስት ምስክር የተረጋገጠ ነገር ማን ይጠራጠራል? ስለዚህ የከበረውን ጤናን ስድስተኛ አደረግኩት። ሕግን፣ ለፖሊሱ ክብር ብዬ፣ አምስተኛ።

አንደኛ ላይስ ማንን? የነጋዴው አፍ አናዶኝ ነበርና «አንተን ላሳይህ» ብዬ ንግድን ከታናሾች ሁሉ ታናሽ፣ በር ከፋች አደረግኩት። ሲያይ ፊቱ ጠቆረ። እኔም ሳቅሁ። እግዚአብሔር ያሳያችሁ፤ በገዛ የልጅ ልጄ ሕይወት ላይ ቀልድ ቀልጄ፣ ሆዴን ይዤ ሳቅሁ!

የኢንተርኔት ቤቷ ልጅ ወረቀቱን እያየች ሞላች። አንድ ጊዜ ብቻ ቀና አለች።

«አባባ፣ ጤና መጨረሻ ነው?»

«ትልቅ ሰው መጨረሻ አይደል የሚናገረው?»

አየችኝ፤ ትከሻዋን ነቀነቀች፤ ላከችው። አንቺ ልጅ! ሁለተኛ ብትጠይቂኝ ምን ነበረበት? ግን ደግሞ ሦስተኛ ብትጠይቀኝም የምመልሰው ያንኑ ነበር። ያን ቀን እኔን የሚመልስ ሰው አልተወለደም።

በሳምንቱ የልጅ ልጄ ከአዘና በሚኒባስ መጣች። ጫማዋን እንኳ ከጭቃ ሳታጸዳ «የሞሉበትን ወረቀት እስኪ ያሳዩኝ» አለች። ኮራ ብዬ ሰጠኋት። አነበበች። ደግማ አነበበች። ከዚያ ወንበር ሳብ አድርጋ ተቀመጠች።

«አባባ፣ ንግድን አንደኛ ያረጉት ለምንድን ነው?»

«አንደኛ እኮ ትንሹ ነው» ብዬ ስለ ሽምግልናው፣ ስለ ታቦቱና ስለ ማመልከቻው አስረዳኋት። እስክጨርስ ታገሰችኝ።

«ይኼ ሽምግልና አይደለም። ይኼ ሰልፍ ነው። ከፊት የቆመው ነው ቀድሞ የሚገባው። በዚህ ከሆነ እኔ ንግድ ነኝ።»

አልጮኸችም፤ አላለቀሰችም። ብትጮህ ይሻለኝ ነበር፤ እኔም መልሼ ጮኼ እገላገል ነበር። ወረቀቱን በጉልበቷ ላይ ታስተካክለዋለች፤ የታጠፈ ጠርዝ የለውም፣ ግን ታስተካክለዋለች።

ተነሥተን ወደ ኢንተርኔት ቤት ሮጥን፤ እሷ ሮጠች፣ እኔ በባጃጅ ተከተልኳት። ገጹ ተቆልፏል፤ አንዴ ከተላከ አይነካም ይላል። በፎርሙ ላይ በነበረው ስልክ ደወለች፤ ብዙ ጊዜ ጠርቶ አንዲት ሴት አነሣች። ማስተካከያ የሚፈልግ ምክንያቱን ጽፎ እስከ ዓርብ በኢሜይል ይላክ፣ ታይቶ ይወሰናል አለች። ቀኑ ረቡዕ ነው።

ማመልከቻ! ይህን ስሰማ ልቤ ተመለሰ። «ተይው ለእኔ» አልኳት። ቤት ገብቼ የድሮ ብዕሬን አውጥቼ እስከ ማታ ጻፍኩ። ሦስት ገጽ ወጣው። «በቅድሚያ የከበረ ሰላምታዬን እያቀረብኩ» ብዬ ጀመርኩ፤ በሁለተኛው አንቀጽ ኔትወርኩን ከሰስኩ፤ በሦስተኛው ፎርሙ የትኛው ጫፍ ራስ፣ የትኛው ጅራት እንደሆነ አለመግለጹን ተቃወምኩ፤ ሁለተኛው ገጽ ላይ የኢንተርኔት ቤቷን ልጅ አጥንቷ እስኪታይ ገፈፍኳት። ነጋዴውንም በስም ባልጠራውም ማንነቱ በሚታወቅበት ሁኔታ ነካ አድርጌዋለሁ። ልመናው፣ እንደ ሙያዬ ደንብ፣ ሦስተኛው ገጽ ግርጌ ላይ ነበር።

ሐሙስ ጠዋት አነበበችው።

«ይኼ ክስ ነው።»

«ጥሩ ማመልከቻ ሁሉ ክስ አለው፤ አታውቂውም።»

«እኔ የት አለሁ?»

«ይኸው ከላይ! የአመልካች ስም ተጽፏል።»

«ሌላስ ቦታ?»

ወረቀቱን ተቀብያት ፈለግኩ። መነጽሬን ጠርጌ ፈለግኩ። ሦስት ገጽ ሙሉ እኔ አለሁ፤ ቁጣዬ አለ፤ ዕውቀቴ አለ፤ ሠላሳ ዓመት ልምዴ አለ። ልጅቷ በራስጌው ላይ አንዴ ብቅ ብላ ጠፍታለች። ቃሬዛው የለም። ጭቃው የለም። ስለ እነሱ የሚያውቅ ሰው እንኳ አይመስልም የጻፈው። ተቆጣሁ፤ ወዲያው ተቆጣሁ፤ «እንግዲያው ራስሽ ጻፊው!» አልኳት። ሽማግሌ ሲሸነፍ የሚወረውራት የመጨረሻዋ ድንጋይ ናት።

ጻፈችው። ከደብተሯ አንድ ቅጠል ገንጥላ፣ እዚያው ደረጃው ላይ ተቀምጣ። አምስት መስመር ነበር። ልመናዋን ያኖረችው በመጀመሪያው መስመር ነው፦ «በጤናው ግቢ እንድመደብ እጠይቃለሁ» ይላል። ቀጥሎ ምክንያቷ፤ ቀጥሎ ስለ ጎረቤታቸው አንዲት ዓረፍተ ነገር። በስተመጨረሻ «ፎርሙን የሞሉልኝ አያቴ ናቸው፤ ቅደም ተከተሉን ተሳስተው ገልብጠውታል» ትላለች። ተሳስተው! ቀልደው አላለችም። ነጋዴውን ለማናደድ ብለው አላለችም፤ ነግሬያት ነበር እኮ። ሙያዬ ሁሉ እዚያች ቃል ፊት ወደቀ። በሠላሳ ዓመት ውስጥ ለባለጋራ እንዲህ ያለ ምሕረት አንድ ጊዜ እንኳ ጽፌ አላውቅም።

«ከታች እኔም ልፈርም» አልኩ።

«ግድ የለም፣ አባባ።»

«ግድ አለው! ጥፋተኛው ይፈርማል።»

ፈረምኩ። ፊርማዬ የዶሮ እግር መሰለ። ፎቶ አንስታ ላከችው፤ ወዲያው ኔትወርኩ ጠፋ፤ የጠፋው ደብዳቤው ከሄደ በኋላ ይሁን ከመሄዱ በፊት ሳናውቅ እስከ ማግስቱ ቆየን። እሷ ማታ እራቷን በላች። እኔ አልበላሁም፤ ተናድጄ ነው፤ ጾም ነው ብዬ አሳበብኩ።

መልሱ የመጣው ከአሥራ አንድ ቀን በኋላ ነው። አሥራ አንድ ቀን ሙሉ በረንዳው ላይ አልወጣሁም። ነጋዴው ሁለት ጊዜ በር አንኳኩቶ «አንተ መጨረሻ ተናጋሪ፣ ደህና ነህ?» ብሎኛል፤ አልመለስኩለትም። መልሱ አንድ ቃል ነበር፤ «ተስተካክሏል»። ልጅቷ አንብባ ስልኩን ደረቷ ላይ አደረገች። እኔ ደግሞ ለአንድ ቃል አሥራ አንድ ቀን ይፈጃል ወይ ብዬ ጮኽኩ፤ ደስታ እንዴት እንደሚባል ስላላወቅኩበት ነው።

አሁን ጤናው ግቢ ናት። ካፌው ውስጥ ሽሮው ቀጭን ነው አለችኝ፤ ለነጋዴው አልነገርኩትም፤ እስክሞትም አልነግረውም።

ባለፈው ሳምንት ደወለች። ነርሱን፣ አዋላጁን፣ ላቦራቶሪውን የሚያስመርጥ ሌላ ፎርም መጥቷል አለች። እኔ ተነሥቼ ቆምኩ፤ ብዕሬን የት አደረግኩት እያልኩ ኪሴን ዳበስኩ።

«እንዴት ልናረገው ነው?» አልኩ።

«ትናንት ሞልቼ ልኬዋለሁ፣ አባባ። እንዲያው ይወቁት ብዬ ነው።»

ስልኩን ከዘጋሁ በኋላ ቀኑን ሙሉ ተናደድኩ። ሳያማክሩ! አያት እያለ! ያን ንዴት ይዤ በረንዳው ላይ ስወጣ ሁለቱ ተቀምጠዋል። የሰፈራችን አንድ አባት ስለ ሴት ልጁ ምርጫ ምክር ሊጠይቃቸው መጥቶ ቆሟል፤ እነሱም ብዙ ተናግረው ጨርሰዋል። ፖሊሱ ወደ እኔ ዞረ።

«በል እንግዲህ፣ አንተ ታላቃችን ነህ፤ ዝጋው።»

«ልጅቷ የት አለች?» አልኩት አባትየውን።

«ቤት ናት።»

«ታዲያ እዚህ ምን ትሠራለህ?» ብዬ ጮኽኩበት። ሰውየው ደንግጦ ባርኔጣውን አወለቀ። ነጋዴው ሳቀብኝ። እኔም ወንበሬ ላይ፣ ቅርጼን በያዘው ወንበር ላይ፣ እንደተናደድኩ ተቀመጥኩ።