በአባቴ ሙት ዓመት የጠፋው ድምፅ

ይህ የሆነው ባለፈው ዓመት ግንቦት ላይ፣ ቦንጋ በሚገኘው ቤታችን፣ በአባቴ ሙት ዓመት ዕለት ነው። እስካሁን ለሰው የተናገርኩት በቁርጥራጭ ነው። ምንም ሳልደብቅ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ሳወራው ይኼ የመጀመሪያዬ ነው።

እኔ የሁለተኛ ደረጃ የፊዚክስ መምህርት ነኝ። ይህን ያስቀደምኩት ጥፋቴን የሚያከብደው እሱ ስለሆነ ነው።

አባቴም መምህር ነበር፤ ዕድሜውን በሙሉ ዋጫ ነው ያስተማረው። ሕመሙ ሲጠናበት ወንድሜ በስልኩ ቪዲዮ ቀረጸው። ልጆቹን በየስማችን እየጠራ ይመርቀናል። መጨረሻ ላይ ወደ አገራችን ቋንቋ ወደ ካፊኖኖ ይዞርና ሺሺንዳ ላሉት ታላቅ እህቱ፣ ለእትዬ ብዙነሽ፣ የሚላቸው ነገር አለ።

እትዬ ብዙነሽ አባቴ ሲሞት ራሳቸውም ታመው ተኝተው ስለነበር ለቀብሩ አልደረሱም። ይህ ነገር ሲያንገበግባቸው ኖሯል። ጆሯቸው ደግሞ ደክሟል። ቪዲዮውን በስልክ ልናሰማቸው ሞክረን ነበር፤ ስልኩን ጆሯቸው ላይ ለጥፈው ቆዩና «ንብ ነው የሚሰማኝ» ብለው መለሱልን። ስለዚህ ለሙት ዓመቱ ሲመጡ የወንድማቸውን ድምፅ በትልቁ ላሰማቸው ቃል ገባሁ።

ቤታችን ውስጥ ሆም ቴአትር አለ። አምስት ስፒከርና አንድ ከባድ አምፕሊፋየር ነው። ከዝግጅቱ አሥር ቀን ያህል ቀደም ብሎ የአንደኛው ስፒከር ድምፅ ጠፋና አምፕሊፋየሩን ጋሽ አሥራት ጋ ወሰድኩት።

ጋሽ አሥራት ከገበያው ወረድ ብሎ ትንሽ ሱቅ አላቸው። ሬዲዮ፣ ቴሌቪዥን፣ የአብያተ ክርስቲያናት የድምፅ ዕቃ ሳይቀር እሳቸው ናቸው የሚጠግኑት። ትምህርታቸውን ያቋረጡት ስምንተኛ ክፍል ላይ ነው። ያስተማራቸውም የእኔ አባት ነበር። በሁለት ቀን ሠርተው ሰጡኝ። ሂሳብ ስጠይቃቸው «የመምህሬ ሙት ዓመት አይደል እንዴ» ብለው አልቀበልም አሉ።

በዋዜማው ገመዶቹን ለማገናኘት እኔው ተቀመጥኩ። ባለቤቴ ደረጀ «ጋሽ አሥራትን ብንጠራቸውስ?» ሲለኝ ሳቅሁበት። ፊዚክስ እያስተማርኩ ለገመድ ሰው ልጥራ?

ላፕቶፑንና ዲሹን ከቴሌቪዥኑ ጋር አገናኘሁ። የድሮውን ዲቪዲ በቀይና ነጭ ገመድ ከአምፕሊፋየሩ ጋር፣ ስልኬን ደግሞ በብሉቱዝ። የቀረው የቴሌቪዥኑን ድምፅ ወደ አምፕሊፋየሩ ማምጣት ብቻ ነበር። ቴሌቪዥናችን አዲስ ስለሆነ ቀይና ነጭ መውጫ የለውም። ያለው ኦፕቲካል የሚባለው ነው፤ ድምፁን በብርሃን የሚያሳልፍ ቀጭን ገመድ ይገባበታል። ገመዱን ደረጀ ከጅማ ገዝቶልኝ ነበር።

አንደኛው ጫፍ ቴሌቪዥኑ ላይ ያለ ችግር ገባ። ሌላው ግን አምፕሊፋየሩ ላይ እምቢ አለኝ። በአውራ ጣቴ ገፋሁት። ትንሽ ገባ አለና ያዘ። ልሞክረው ስል መብራት ጠፋ፤ እኔም ወደ ሌላው ሥራ ሄድኩ።

በማግስቱ ግቢው ውስጥ በተተከለው ድንኳን ሰው ሞልቶ ነበር። ከዋጫም ከሺሺንዳም ዘመድ መጥቷል። ካህናቱ ጸሎት አድርሰው፣ ሰውም በልቶ ካበቃ በኋላ ቴሌቪዥኑን፣ አምፕሊፋየሩንና ስፒከሮቹን ከነገመዳቸው ወደ ድንኳኑ አወጣን። እትዬ ብዙነሽን ከፊት ለፊት አስቀመጥኳቸው። ዝናቡ ሸራውን መደብደብ ጀምሯል።

ቪዲዮውን ከፈትኩት። አባቴ መጣ። ትራስ ተደግፎ፣ ነጠላውን ትከሻው ላይ ጣል አድርጎ ይናገራል። ድምፅ የለም።

ሪሞቱን ጨመርኩ፤ የለም። በስልኬ መዝሙር ለቀቅኩ፤ በስፒከሮቹ አስተጋባ። ዲቪዲውን ሞከርኩ፤ ይሠራል። ወደ ቪዲዮው ስመለስ አባቴ አፉን ያንቀሳቅሳል እንጂ ምንም አይሰማም። ያን ሁሉ ሰው ከኋላዬ አስቀምጬ በጭንቅላቴ ቶሎ ቶሎ አሰላሁ። ስፒከሩ ደህና ነው፣ አምፕሊፋየሩም ደህና ነው፤ የማይሠራው ያ ገመድ አልገባም ያለበት ቀዳዳ ብቻ ነው። አምፕሊፋየሩን ደግሞ የከፈተው አንድ ሰው ነው።

ጋሽ አሥራት መሀል ላይ ከሽማግሌዎች ጋር ተቀምጠዋል። ዞር ብዬ ሰው ሁሉ በሚሰማው ድምፅ፣ «ጋሽ አሥራት፣ ዕቃውን ሲከፍቱት ይኼን ቀዳዳ ምን አደረጉት?» አልኳቸው።

እሳቸውም ከመቀመጫቸው ተነሡ።

«እሱን አልነካሁትም። እስቲ ልየው» አሉና ወደ እኔ መራመድ ጀመሩ።

«ይተዉት» አልኩ። «እስካሁን የነካኩት ይበቃል። ሳይማሩ የሰው ዕቃ መፈታታት መጨረሻው ይኼ ነው።»

እንዲህ ነው ያልኩት፤ አንድም ቃል አልጨመርኩበትም፣ አልቀነስኩም። የአባቴ ምስል ከኋላዬ ቴሌቪዥኑ ላይ ነበር።

ጋሽ አሥራት ከዚያ ወደ እትዬ ብዙነሽ ሄደው ዝቅ ብለው ተሰናበቱና ዝናቡ ውስጥ ወጡ። አንድ ሽማግሌ «ተይ እንጂ ልጄ» ሲሉ ሰምቻለሁ። 

ቆይቼ ሳስበው ቪዲዮውን ስልኬ ላይ አድርጌ ድምፁን በብሉቱዝ መልቀቅ እችል ነበር። በዚያ ሰዓት ግን ንዴቴ ይህን እንኳ እንዳስብ ዕድል አልሰጠኝም። በቴሌቪዥኑ በራሱ ድምፅ ከፈትኩት። በዝናቡ የተነሳ ከፊት ያሉት ብቻ ትንሽ ትንሽ ሰሙ። እትዬ ብዙነሽ የወንድማቸውን አፍ እያዩ ቆዩና ሲያልቅ ወደ እኔ ዞሩ።

«ምን አለኝ?»

ጆሯቸው ሥር ጎንበስ ብዬ ልነግራቸው ስጀምር እጄን ያዝ አደረጉኝ።

«ተይው፤ እሱ ሲለኝ ልሰማ ነው የመጣሁት።»

እኛው ቤት አደሩ። ጠዋት እሳቸውን መናኸሪያ ከማድረሴ በፊት፣ ማታ ወደ ቤት የመለስነውን ዕቃ ላስተካክል ገመዱን ነቀልኩት። ያን ጊዜ ነው ያየሁት። ጫፉ ላይ ጥፍር የምታህል፣ እንደ ውሃ የጠራች የፕላስቲክ ክዳን አለች። አዲስ ገመድ ሲሸጥ ጫፉ እንዳይጫር የሚደረግለት ነው። የሌላው ጫፍ ክዳን ማሸጊያው ውስጥ ወድቆ ቀርቷል፤ ይኼኛው ግን ከነክዳኑ ነው በግድ የገፋሁት።

ክዳኗን አውልቄ መልሼ ስሰካው ቀጭ ብሎ ገባ። ቪዲዮውን ከፈትኩ። የአባቴ ድምፅ ቤቱን ሞላው።

እትዬ ብዙነሽ ከዘራቸውን ይዘው ለመሄድ ቆመው ነበር። ተመልሰው ተቀመጡ። አባቴ በካፊኖኖ እንዲህ ይላቸዋል፤ «አንቺ፣ ሳትመጪ ቀረሽ ብዬ አልቀየምሽም። መንገዱንም ጉልበትሽንም አውቃለሁ።» እሳቸውም አጠገባቸው የተቀመጠ ይመስል በዚያው ቋንቋ እየመለሱ አነጋገሩት። ሁለቴ፣ ሦስቴ አስደገሙኝ። ደረጀ ከጓዳ ወጥቶ እንባውን እየጠረገ «ምን ሆኖ ነው ትናንት?» አለኝ።

ክዳኗ እጄ ውስጥ ናት።

«ገመዱ ላልቶ ኖሯል» አልኩት። ክዳኗን ቆሻሻ ውስጥ ጣልኳት።

ብቻዬን የማውቀው ነገር ሆነ። ጋሽ አሥራት ጋ ነገ እሄዳለሁ፣ ከነገ ወዲያ እሄዳለሁ እያልኩ ሦስት ሳምንት አለፈ። በሱቃቸው በኩል ላለማለፍ የምሳፈርበትን ባጃጅ በሌላ መንገድ አስዞር ነበር።

አንድ ቀን የመምህራን ማረፊያ ክፍል ሻይ እየጠጣን፣ የደብራቸው ኮሚቴ አባል የሆነው መምህር ተስፋዬ አነጋገረኝ።

«የቤተ ክርስቲያኑ የድምፅ ማቀላቀያ፣ ሚክሰራችን፣ ተበላሽቶ ጅማ ልንልከው ነው። ለጋሽ አሥራት እንስጠው የሚል ነበር፤ እኔ ግን የአንቺን ዕቃ ማበላሸታቸውን ለኮሚቴው ነገርኩ። አበላሽተውብሽ የለ?»

እውነቱን ለመናገር ከዚህ የተሻለ ዕድል አይመጣም ነበር። የሻዩን ብርጭቆ ወደ አፌ አስጠጋሁና «እ…» አልኩ። በቃ፣ ይኼን ብቻ። ደወል ተደውሎ ክፍል ገባሁ። የዕለቱ ትምህርት ስለ ብርሃን ነበር። ያን ቀን ምን እንዳስተማርኩ አላስታውስም።

ቅዳሜ ሱቃቸው ሄድኩ። ሁለት ደንበኞች ስለነበሩ እስኪወጡ ደጅ ቆሜ ጠበቅሁ። ሰድቤያቸው የነበረው ግን በድንኳን ሙሉ ሰው ፊት ነው።

ጋሽ አሥራት ሲያዩኝ ብድግ ብለው ወንበር ሰጡኝ። አልተቀመጥኩም። ስለ ክዳኗ፣ ስለ ውሸቴ፣ ስለ ሚክሰሩም ነገርኳቸው። በእጃቸው የያዙትን መበየጃ አስቀመጡ።

«ገመዱ ሙሉ አለመግባቱን ከተቀመጥኩበት አይቼዋለሁ» አሉ።

«ታዲያ ለምን አልነገሩኝም?»

«ያን ሁሉ ሰው ፊት የመምህሬን ልጅ ምን ልበላት? ልየው ያልኩት ጠጋ ብዬ ዝም ብዬ ላስተካክለው ነበር።»

 ከዚያ ደግሞ እንዲህ አሉኝ።

«ክዳኗስ ማንንም ታጋጥማለች። ‹ሳይማሩ› ያልሽኝ ግን ከብዶኛል። አባቴ ሲሞት ታናናሾቼን የሚያበላ ጠፍቶ ነው ያቆምኩት። መምህሬ፣ አባትሽ፣ ቤታችን ድረስ መጥተው እናቴን ለምነዋታል። ሁለቴ ነው የመጡት። አንቺ ሕፃን ነበርሽ፣ ይኼን አታውቂም።»

አላውቅም ነበር። አባቴ ነግሮኝ አያውቅም።

ልወጣ ስል «እትዬ ብዙነሽ ግን ሰሙት?» ብለው ጠየቁኝ። በማግስቱ ጠዋት በደንብ እንደሰሙ ነገርኳቸው። «እንኳን ሰሙ» አሉና ወደ ሥራቸው ተመለሱ።

ሰኞ ዕለት ማረፊያ ክፍሉ ውስጥ ለተስፋዬም ለሌሎቹም ቆሜ እውነቱን ተናገርኩ። አንዳንዱ ሳቀ፤ አንዳንዱ የጋሽ አሥራትን ጥፋት ልሸፍን የፈለግሁ መሰለው። ሚክሰሩ ጅማ ሄዶ ነበር። ለደረጀም፣ ለወንድሜም ነገርኩ። ድንኳኑ ውስጥ የነበሩትን ሁሉ ግን ማዳረስ አልቻልኩም። በቅርቡ ዋጫ ለለቅሶ ሄጄ አንዲት ዘመድ «ያ የአባትሽን ድምፅ ያስቀረብን ሰውዬ እንዴት ነው?» አለችኝ። ቁጭ ብዬ ከመጀመሪያው ጀምሬ አስረዳኋት። ምን ያህሉን እንዳመነችኝ አላውቅም።

ዓመት ሊሞላው ነው። ዕቃ ሲበላሽብኝ ዛሬም ጋሽ አሥራት ጋ እወስዳለሁ፤ እሳቸውም በደህና ያስተናግዱኛል። ከዚያ ቅዳሜ ወዲህ የአባቴን ስም ግን እኔ ፊት አንሥተው አያውቁም፤ ድሮ ሁልጊዜ ያነሡት ነበር። መጀመሪያ ላይ ያን ቃል ያናገረኝ ንዴት ነው እያልኩ ራሴን አጽናና ነበር። አሁን እንደዚያ አልልም። ንዴት ያልነበረ ቃል አያመጣም። ሰውዬውን ለዓመታት ሰላም እያልኩ፣ ዕቃዬን እያሠራሁ፣ ቃሉን ውስጤ ይዤው ነው የኖርኩት። ይኼ ሲታሰበኝ ብቻዬን ሆኜ እንኳ ፊቴን በእጄ እሸፍናለሁ።