የካሪቡ ጠባቂ

የቀን ወጪው ሁለት ቡና፣ አንድ ዶናትና መኪናውን ሲያሞቅ የሚፈጀው ነዳጅ ነው። ማዕድን ፈላጊው ኩባንያ እዚህ ኦንታሪዮ ጫካ ውስጥ የቀጠረው ካሪቡ የሚባለውን የደን አጋዘን እንዲጠብቅ ነው፤ አንድ ካየ ቁፋሮው በሕግ ይቆማል፤ የእሱም እንጀራ አብሮ። ስለዚህ አያይም። መስታወቱ በትንፋሹ ደብዝዞ ይውላል።

«ጋሼ፣ መስታወቱን ልጥረግልህ?» አልኩት ምሳውን ሳደርስለት።

«ተዪው ልጄ፣ ብርድ ይገባል።»

የኮቱ ኪስ ግን አጋዘኖቹ በበረዶው ወራት በሚበሉት የዛፍ ሽበት እንደታጨቀ ነው። የት ወስዶ እንደሚበትንላቸው አይናገርም።

ዘንድሮ መቆፈሪያው እርጉዞቹ ወደሚወልዱበት ረግረግ ተጠግቷል። ስለ እሱ እንደምጽፍ ሲሰማ መስኮቱን ጥቂት ዝቅ አደረገ።

«ለሚያነቡሽ ንገሪልኝ። እናቲቱን ከነግልገሏ ካያችኋት ለእኔ አትንገሩኝ፤ ለመንግሥት ደውሉ። ስሜን ብቻ አታንሱ።»