የሰፈሩን ሰው ያስሮጠው ሽርሽር

ሱዳን፣ ገዳሪፍ በነበርንበት ዘመን ባለቤቴ ሻይ ይጠጣ ነበር ማለት ይከብደኛል። ስኳር በሻይ እያራሰ ይበላ ነበር ብል ይቀላል። በእግሩ ጣት ላይ የወጣች ቁስል አልድን ስትል ጎትቼ ሐኪም ዘንድ ወሰድኩት። ሱዳናዊው ሐኪም ደሙን አስመረመረና የስኳር በሽታ እንዳለበት ነገረን። አመጋገቡን ካላስተካከለ፣ ቁስሉ ሲደርቅም በየቀኑ እስኪያልበው ካልተራመደ፣ ወደፊት እግሩ ሊቆረጥ እንደሚችል አልደበቀንም። ከዚያ ወደ እኔ ዞሮ፣ «ብቻውን አይችለውም። ቤተሰቡ አብሮ ይብላ፣ አብሮ ይራመድ» አለኝ።

ከቤታችን ስኳር ጠፋ። ሁለቱ ሴት ልጆቻችን ያለ ስኳር ሻይ ሲቀምሱ መርዝ ያጠጣኋቸው ይመስል አፈጠጡብኝ። ባለቤቴ ምግቡንስ እያጉረመረመ ቻለው። ቁስሉ ደርቆ የመራመዱ ቀን ሲመጣ ግን አሻፈረኝ አለ።

«ከጎንደር እዚህ ድረስ በእግሬ መጥቻለሁ» አለኝ። «የዕድሜ ልኬን ተራምጃለሁ።»

ሦስት ቀን ጨቀጨቅኩት። በሦስተኛው ቀን ፀሐዩ በረድ ሲል ተሸነፈ። እሱ በነጭ ጀለቢያው ከፊት፣ እኔና ልጆቹ ከኋላ ሆነን፣ ሐኪሙ እንዳዘዘው ፈጠን ፈጠን እያልን ወጣን። የት አገር እንዳለን ግን ረስተነዋል። ያኔ አብዛኛው የእኛ ሰው የመኖሪያ ወረቀት የለውም። ፖሊስ ወረቀት የሌለውን ከየመንገዱ እየለቀመ መኪና ላይ ሲጭን «ከሻ» እንለዋለን። ሐበሻ ከነቤተሰቡ እንዲያ ሲጣደፍ ከታየ፣ ለጤናው ነው ብሎ የሚያስብ አልነበረም።

ፉል የምትሸጠው ጎረቤታችን አየችን። «ጋሼ፣ ከሻ ነው እንዴ?» አለችው። ትንፋሽ ያጠረው ባለቤቴ በእጁ ወደ ፊት አመለከተ፤ እዚያ ድረስ ልንሄድ ነው ማለቱ ነበር። ሴትዮዋ ድስቷን እሳት ላይ ትታ ተነሳች። በላተኞቿ እያላመጡ ተከተሏት። ጢሙን ሲላጭ የነበረ ሰውዬም ከነአረፋው ወጣ።

ባለቤቴ ዞር ቢል ሰፈሩ በሙሉ ከኋላው ይጎርፋል። ይሄኔ እሱም ከሻ መጣ ብሎ ጀለቢያውን ሰብስቦ ፈረጠጠ። እሱ ሲሮጥ ሰዉም ባሰበት። «ቁሙ፣ ማንም የለም» እያልኩ ብጮህ ማን ይስማኝ።

ሰሊጥ እርሻው ጋ ትንፋሹ አልቆ ቆመ። ሁሉም ቆመ። እኔ ልጆቹን እየጎተትኩ ከሁሉም ኋላ ስደርስ፣ ጢሙን በግማሽ የተላጨው ሰውዬ «ማነው የሚያባርረን?» እያለ ይጠይቃል። ባለቤቴም «እናንተን አይቼ ነው እንጂ እኔ ምን አውቃለሁ» ይለዋል። ነገሩ ሲገባቸው ግማሹ ሳቀ፣ ግማሹ ተሳደበ። ድስቷ እያረረ መሆኑ ትዝ ያላት ባለፉሏ ዘራችንን አንድ ሳታስቀር ወረደችበት። እኔ ሳቅ አላስቆም ብሎኝ መሬት ላይ ተቀመጥኩ።

ትንሿ ልጃችን ግን እያለቀሰች ነበር። «አባዬ፣ ጥለኸን ሮጥክ» አለችው።

እንባዋን በጀለቢያው ጠረገላትና እጇን ይዞ ወደ ቤት መለሰን።

በማግስቱ ማንም ሳይጨቀጭቀው ጫማውን አጠለቀ። «እናንተ ቅደሙ፣ እኔ ከኋላ እሆናለሁ» አለ። ልጆቹ ደግሞ ሲሄዱ ይበርራሉ፤ ከዓይኑ እንዳይርቁ ሲል በላብ ይጠመቅ ነበር። ከዚያ ወዲህ አንድ ቀን አላስታጎለም።

ከወራት በኋላ ሐኪሙ እግሩን አገላብጦ አየና ደስ አለው። ምን ቢያደርግ እንዲህ እንደተሻለው ጠየቀው።

ባለቤቴ ልጆቹን አየት አደረገና፣ «አፍሬ ነው፣ ዱክተር» አለው።