የሂልካ ጎማ ድምፅ

መጀመሪያ ያስተዋልኩት ድምፁን ነበር። ከሄልሲንኪ ርቆ ወደሚገኘው ወደዚህ መንደር በመጣሁበት ዓመት፣ በጥቅምት አንድ ደረቅ ጠዋት ከመንደሩ ሱቅ ደጃፍ ቆሜ ሳለ፣ ከድልድዩ በኩል የጋለ ብረት ላይ የተበተነ ሽምብራ ሲንጣጣ የሚያሰማው ዓይነት ድምፅ መጣ። እየቀረበ፣ እየጎላ ሄደና አንዲት ግራጫ ታክሲ በፊታችን አለፈች። ሱቁ ውስጥ ወተት የምትመርጠው አሮጊት ቀና አለች። ነዳጅ የሚቀዳው ሰውዬ አንገቱን አዞረ።

«ሂልካ ቀየረች» አለ፣ ለማንም ሳይሆን።

በዚያው ቅዳሜ መንደሩ በሙሉ ክሪኩን አውጥቶ የበጋ ጎማውን ሲፈታ ዋለ። በየግቢው ብሎን ሲላላ፣ ጎማ ሲንከባለል፣ ሰው ወገቡን ይዞ ሲያቃስት ይሰማል። እኔ በመስኮት እያየሁ ተገረምኩ። ዩኒቨርሲቲ ሳለሁ ስለ ክረምት ብዙ ግጥም አንብቤያለሁ፤ ክረምት በድምፅ እንደሚታወጅ ግን አንዱም አልነገረኝም።

ድምፁ የሚስማር ነው። የክረምት ጎማ ላይ ጥቃቅን የብረት ሚስማሮች ይተከላሉ፤ በረዶውን ነክሰው ይይዛሉ። በረዶ ሳይጥል አስፋልቱ ላይ ሲሄዱ ግን እንደዚያ ይንጣጣሉ። አንዴ መንገዱ በረዶ ከለበሰ በኋላ ማንም ማንንም አይሰማም። ስለዚህ የሚሰማው መጀመሪያ የቀየረው ሰው ብቻ ነው፤ መንደራችን ኩይቫላምፒ ውስጥ ደግሞ መጀመሪያ የምትቀይረው ሁልጊዜ ሂልካ ናት።

ሂልካ አጭር፣ ሰፊ ትከሻ ያላት፣ የሟች አባቷን የቆዳ ኮፍያ ከራሷ የማታወርድ፣ ዕድሜዋ የገፋ ሴት ናት። ታክሲውንም የወረሰችው ከሳቸው ነው። ጨው ያለበት ጥቁር ከረሜላ ጉንጯ ውስጥ ይዛ ትነዳለች፤ ከረሜላው እስኪያልቅ አትናገርም፤ ሲያልቅ ሌላ ትጨምራለች። እኔ ከተማው ቤተ መጻሕፍት ስለምሠራ ብዙ ጠዋት አብሬያት እሄዳለሁ፤ አንዳንዴም አብሬያት እመለሳለሁ። ከጎኗ ስቀመጥ ዝምታዋ እንደ ወፍራም ብርድ ልብስ ይሞቀኛል።

ጎማ የምትቀይርበትን ቀን እንዴት እንደምታውቅ አንድ ማለዳ በዓይኔ አየሁ። ድልድዩ ላይ መኪናዋን አቁማ፣ ቁጢጥ ብላ፣ ጓንቷን አውልቃ መዳፏን አስፋልቱ ላይ አድርጋለች። ትኩሳት ያለበት ልጅ ግንባር የምትዳስስ ትመስል ነበር። ድልድይ ከሥሩ አፈር ስለሌለው ከመንገዱ ሁሉ ቀድሞ ይቀዘቅዛል። የሙቀት መለኪያ መኪናዋ ውስጥ የለም ወይ ብዬ ጠየቅኳት።

«እሱ የሚነግረኝ የአየሩን ነው» አለች ከረሜላዋን ወደ ሌላው ጉንጯ እያዞረች። «እኔ አየር ላይ አልነዳም።»

ይህን ዐረፍተ ነገር ቀኑን ሙሉ ይዤው ዋልኩ።

የዘወትር ተሳፋሪዋ ኦይቫ ይባላል። ጉልበት በነበረው ጊዜ ግንድ የሚጭን ትልቅ መኪና ይነዳ ነበር። አሁን ኩላሊቶቹ ሥራ አቁመዋል፤ በሳምንት ሦስቴ ከተማ ሆስፒታል ሄዶ ደሙ በማሽን ይታጠባል። ማሽኑ ካመለጠው ሰውነቱ ውኃ ይይዛል፣ እግሩ ያብጣል፣ ትንፋሹ ያጥራል፤ ከዚያ በኋላ ያለውን ሁላችንም እናውቃለን፣ አናወራውም። ኦይቫ ግን ሌላውን ሁሉ ያወራል። ሂልካ ስትታጠፍ ያርማታል፣ ስትቀድም ይመክራታል፣ ፍሬን ስትይዝ እሱም ከኋላ ወንበር እግሩን ይረግጣል።

በመመለሻው ግን ዝም ይላል። ማሽኑ ያደክመዋል። በጋ ላይ ከተማውን ሳንወጣ እንቅልፍ ይወስደዋል፤ ሌሊት እግሩ እየተወጋ ስለማያስተኛው ያገኘው እንቅልፍ ያ ብቻ ነው። ክረምት ሲመጣ ዓይኑን ይጨፍናል እንጂ አይተኛም። ሚስማሮቹ ከሥሩ ሲንጣጡ ጣቱ ጉልበቱ ላይ ምታቸውን ይቆጥራል። አንዴም አላማረረም። ሂልካ ያንን ጣት በመስታወቷ ስንት ክረምት ስታየው እንደኖረች አላውቅም። እኔ እንደምታየው ያወቅሁት ባለፈው መስከረም ጎሚስታው አልፖ ዘንድ አብሬያት የገባሁ ዕለት ነው።

ለስላሳውን እንዲያሳያት ጠየቀችው። ለስላሳ የሚሉት ሚስማር የሌለውን የክረምት ጎማ ነው። ላስቲኩ በብርድ አይደርቅም፤ ፊቱ ላይ እንደ ፀጉር የቀጠኑ ብዙ ስንጥቆች አሉት፤ በረዶውን የሚይዘው በነሱ ነው። ድምፅ የለውም። ደካማነቱ በአንድ ነገር ብቻ ነው፣ ውኃ በወረደበት ግግር በረዶ ላይ።

አልፖ የያዘውን ጎማ መሬት ለቀቀው።

«ለስላሳ? አንቺ? ይሄ እኮ ለሄልሲንኪ ሰው ነው። ለሱ መንገዱን የሚያሞቁለት አሉ።»

«ጆሮዬ ደክሟል» አለች።

«ጆሮሽ ቢደክም ኖሮ የኦይቫን ወሬ እስካሁን ትችዪው ነበር?»

የደረደረላትን አንድ በአንድ ዳሰሰች። በአውራ ጣቷ ስንጥቆቹን ገልጣ ጥልቀታቸውን አየች፤ ጎማው ጎን ላይ የታተመውን የተሠራበትን ጊዜ አነበበች። አንዱን አሸተተችና ገፋችው፤ ደርቋል፣ እንደ ከረመ ዳቦ ነው አለች። አልፖ ሰፋ ያለውን ሊያስይዛት ሞከረ፣ መኪናውን ያሳምራል ብሎ። እሷ ጠበብ ያለውን መረጠች። ሰፊው የሟሟ በረዶ ላይ ይንሳፈፋል፣ ጠባቡ ግን ቆርጦት ወርዶ መንገዱን ያገኘዋል። ነገሩን የነገረችኝ ለማስተማር አልነበረም፤ ከራሷ ጋር እየተማከረች ነበር። የኦይቫን እንቅልፍና የኦይቫን ሕይወት በሁለት እጆቿ ይዛ ስትመዝን አየኋት። ሰው ጎማ ሲመርጥ እንደዚያ ሊገረጣ እንደሚችል አላውቅም ነበር።

ጥቅምት ላይ ድልድዩን ዳሰሰች፤ ግቢዋ ውስጥ ለብቻዋ ቀየረች። መኪናዋ በመንደሩ መሐል እንደ ድመት አለፈች።

ከሆስፒታል ስንመለስ ኦይቫ መጀመሪያ ስለ ሾፌሯ ዝግታ አንድ ነገር ጀምሮ ነበር። አልጨረሰውም። ዘወር ስል አፉን ከፍቶ ተኝቷል፤ ጣቶቹ ጉልበቱ ላይ ተዘርግተዋል፣ አንዱም አይንቀሳቀስም። ሂልካ ሬዲዮኑን ዘጋች። ከዚያ ወዲያ የነዳችው እስከ አፉ የሞላ የሾርባ ሳህን የተሸከመች ያህል ነው። ጫካው፣ ሐይቁ፣ ሰማዩ ሁሉ ድምፃቸውን የቀነሱ መሰለኝ። ደጁ ስንደርስ አልቀሰቀሰችውም። ሞተሩን ሳታጠፋ፣ ከረሜላዋንም ሳታላምጥ ጠበቀችው።

መንደሩም እየጠበቀ ነበር። ይህን የሰማሁት በኋላ ነው። ሱቁ ውስጥ፣ ሳውናው ውስጥ፣ ነዳጅ ማደያው ዘንድ የሚባለው አንድ ነበር፤ ሂልካ ገና አልቀየረችም፤ ስለዚህ ጊዜ አለ። አልፖ ራሱ፣ ድምፅ የሌለውን ጎማ በገዛ እጁ እንደሸጠላት ዘንግቶ፣ የሰዉን ጎማ በስም በስም ደርድሮ፣ ጆሮውን ወደ መንገዱ ጥሎ ተቀምጧል። ቀኖቹ ብርድ ናቸው ግን ደረቅ ስለሆኑ ማንም አልተጠራጠረም።

ከዚያ እሑድ ማታ ዘነበ። ምድሩ ቀዝቅዞ ስለነበር ውኃው ግግር ሆነ፤ በግግሩም ላይ ውኃ ወረደ።

ሰኞ ሲነጋጋ የምከራይበት የሌምፒ ቤት በር ላይ ቆሜ ሂልካን ስጠብቅ፣ መንገዱ አዲስ እንደተቀባ ጥቁር ቀለም ያበራ ነበር። ቤቱ ከድልድዩ በላይ ቁልቁለቱ አናት ላይ ነው። ታክሲዋ በሰው እርምጃ መጣች፤ ሁለቱን የቀኝ ጎማዎች ዳሩ ሣር ላይ አድርጋ፣ በሻካራው ተይዛ። በሩን ከፍቼ ገባሁ። ኦይቫ ከኋላ ነው፤ ሰላምታ ሲሰጠኝ አንድ ቃል ተናግሮ አረፈ፣ ሌላ ቃል ተናግሮ አረፈ። ሁለት ቀን ያለ ማሽን ያለፈበት የሰኞ ጠዋት ነው። ከንፈሩ ግራጫ ሆኗል።

ሂልካ አልተንቀሳቀሰችም። ወደ ታች ታያለች።

«የራስ ቅል» አለች ቀስ ብላ።

እንዲህ ያለውን፣ ሰው የሚገድለውን የግግር መንገድ እዚህ የራስ ቅል መንገድ ይሉታል። ቃሉን ስንቴ ሰምቼዋለሁ፤ ትርጉሙን በዓይኔ ያየሁት ግን ያኔ ነው። ከቁልቁለቱ ግርጌ፣ ድልድዩ አፍ ላይ፣ የአልፖ ሸቀጥ መጫኛ መኪና ጎኑን ሰጥቶ በሁለቱ የብረት አጥሮች መሐል ተሰንቅሯል። ከሱ ማዶ፣ መንገዱ እንዳያንሸራትት አሸዋ የሚበትነው መኪና ቢጫ መብራቱን እያዞረ ቆሟል፤ ወደኛ ማለፍ አልቻለም። ወደ ከተማ የሚወስድ ሌላ መንገድ የለንም። ቁልቁለቱ ላይ ደግሞ ግራና ቀኙ አጥር ነው፣ የሚረገጥ ሣር የለም።

ስልኳ ጮኸ። አልፖ ነው፤ መኪናው ውስጥ ሁላችንም ሰማነው። ደህና ነኝ አለ፤ የበጋ ጎማ ላይ ነኝ፤ መንደሩ ሁሉ የበጋ ጎማ ላይ ነው፤ ፖስተኛው ቦይ ውስጥ ገብቷል፣ የሱቁ ሰውዬ የራሱን የደብዳቤ ሣጥን ገጭቷል። ከዚያ፣

«አልሰማንሽም እኮ» አላት።

«አሁን ትሰማኛለህ?»

«ስልኩን አይደለም። ጎማሽን። ጎማሽን ስንጠብቅ ነበር።»

«የምን ጎማ?»

«ሁሌም አንቺ ስትቀይሪ አይደል የምንቀይረው? ሁላችንም። አታውቂም እንዴ?»

«ማን ነግሮኝ?»

አልፖ አሰበ። «ማንም» አለ።

ሂልካ ስልኩን ጉልበቷ ላይ አስቀመጠች። ዕድሜዋን ሙሉ ለአንድ መንደር ክረምትን ስታውጅ ኖራለች፤ የነገራት ሰው የለም። እኛ ዘንድ ሰው የሚያምነውን ሰው አምንሃለሁ አይለውም። እጆቿ መሪው ላይ እንዳሉ ቀሩ። ከረሜላዋን ዋጠችው።

«ለኔ ብለሽ ነው ሚስማሮቹን ዝም ያሰኘሻቸው» አለ ኦይቫ ከኋላ።

«ለጆሮዬ ነው ብዬሃለሁ።»

«ጆሮሽ ደህና ነው።» አረፈ። «ውሸትሽ ግን... ከዚህ መንገድ የባሰ ያንሸራትታል።»

በመስታወቱ አየችው። ከዚያ ወደኔ ዞራ ሌምፒ ሸርተቴዋን የት እንደምታኖር ጠየቀችኝ። ከጎተራው አወጣሁላት፤ ከፊቱ የእንጨት ወንበር ያለው፣ ከኋላ እጀታውን ይዘው የሚገፉት፣ ሁለት ረጃጅም ብረቶች ያሉት ሸርተቴ ነው። አሮጊቶች ክረምት ላይ ሱቅ የሚሄዱበት። ሂልካ እስከዚያ ለአሸዋ በታኙ ሾፌር ደውላ በአጭሩ ተስማምታለች፤ መኪናውን አዙሮ፣ ኦይቫን ሆስፒታል ሊያደርስ፣ በር ከፍቶ ይጠብቃል። ከመኪናዋ ኪስ ጫማ ላይ የሚጠለቅ ሚስማር ያለበት ላስቲክ አውጥታ አጠለቀች፤ ኦይቫን ደግፋ ወንበሩ ላይ አስቀመጠችው፣ ብርድ ልብሷን ጉልበቱ ላይ ጣለችለት፣ ወገቡን ከወንበሩ ጋር በመጎተቻ ገመዷ አሰረችው።

«እኔ ግንድ አይደለሁም» አላት።

«ግንድ ብትሆን በወደድኩ። ግንድ አያወራም።»

እኔም እጀታውን ልያዝ ብዬ መንገዱ ላይ አንድ እርምጃ ስወጣ እግሬ ከሥሬ ሄደና የታክሲዋ በር ላይ ተንጠለጠልኩ።

«አንቺ ልጅ፣ እዚያው ቁሚ» አለችኝ። «ያንቺ ጫማ የግጥም ጫማ ነው።»

መውረድ ጀመሩ። ሰውነቷን ወደ ኋላ ጥላ፣ እጀታውን ወደ ደረቷ ስባ፣ ተረከዟን እየተከለች ትሄዳለች። ሰማይ የሚያበራበት ጥቁር መስታወት ላይ ሁለት አረጋውያን፣ አንዱ ተቀምጦ አንዷ ቆማ፣ ያለ ጎማ፣ ያለ ሞተር ይወርዳሉ። ሸርተቴው ሊሸሽ ሲል ቆም ስትል ትታየኛለች፤ ትከሻዋ ይጠብቃል፤ እንደገና ይላላል። ኦይቫ እጁን ወደ ግራ ዘረጋ፤ እንዴት እንደምትታጠፍ እያሳያት ነበር።

ድምፁን የሰማሁት ያኔ ነው። የጫማዋ ሚስማሮች ግግሩን ይነክሳሉ፤ የጋለ ብረት ላይ እንደሚንጣጣ ሽምብራ። በጸጥታው ውስጥ ሐይቁን ተሻግሮ ይሰማል።

ከኋላዬ የሌምፒ መስኮት ተከፈተ። አሮጊቷ ገና መነጽሯን አላደረገችም፤ ጆሮዋን ወደ ውጭ ሰጥታ አዳመጠች።

«ሂልካ ቀየረች» አለች ወደ ውስጥ፣ ለባሏ።

ታች የአልፖ ቁመና ከመኪናውና ከአጥሩ መሐል ባለች ጠባብ ክፍተት ወጥቶ፣ አጥሩን ይዞ፣ እጁን ሊቀበላቸው ዘረጋ። ከሱ ማዶ የአሸዋው መኪና በር ተከፍቷል፣ ውስጡ መብራት አለ። ሂልካ ዞር ብላ አላየችኝም። የአባቷ ኮፍያ ከትከሻዋ በላይ እያነሰ፣ እያነሰ፣ እየተንጣጣች ሄደች።