ሦስቴ የተሰረዘችው እህቴ

ታላቅ እህቴ የሊፍት ጥገና ሠራተኛ ናት። ሰው ሁለት ፎቅ መሃል ተቀርቅሮ በሩን ሲደበድብ የምትጠራው እሷ ናት። ቦርሳዋን አንጠልጥላ ትደርስና በስንጥቁ በኩል፣ “አይዞዎት፣ አየር አለ፣ ቁጭ ይበሉ” ትላለች። ከዚያ ሥራዋን ትጀምራለች። ቸኩላ አታውቅም። አንድ ነገር ከያዘች ግን አትለቅም። አባታችን፣ “ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም፤ የኔ ልጅ ደግሞ ከሁለቱም ትብሳለች” ይላል።

ከልጅነቷ ጀምሮ ይዛ ያልለቀቀችው ነገር ሮቦት ነው። ዋንጫ ፈልጋ አይደለም። የሠራችው ሮቦት በውድድር ሜዳ፣ በዳኛ ፊት፣ ከመነሻው መስመር ተነስቶ መድረሻው ሲደርስ አንድ ጊዜ ማየት ነው የምትፈልገው። ቀላል ነገር ይመስላል። ለእሷ ግን ቀላል አልሆነም።

እሷ ተማሪ ሳለች የምንኖረው ከአባዬ ልብስ ስፌት ቤት ጀርባ ባሉት ሁለት ክፍሎች ነበር። የመጀመሪያው ሮቦት የተሠራው እዚያው ጨርቅ በሚቆረጥበት ጠረጴዛ ላይ ነው። ጎማው ውስጥ ክር እየተጠመጠመ ስንት ቀን በመርፌ ፈልቅቀናል! የውድድሩ ሕግ ሮቦቱ በየጎኑ ከአርባ አምስት ሳንቲሜትር አይብለጥ ይላል። እህቴ አባዬ አንገቱ ላይ የማይለየውን ሜትር እየተዋሰች ጠዋት ማታ ትለካለች። ልክ አርባ አምስት።

አዳራሹ ስንደርስ ዳኛው የእንጨት ሣጥን አምጥቶ ከላይ ደፋበት። ሣጥኑ አልወርድ አለ። አዙሮ ሞከረ፤ አሁንም እንቢ አለ። “በልጧል” አላት።

“ኧረ ለክቼዋለሁ! አርባ አምስት ነው!” አለች እህቴ።

የብረት ማስመሪያ መጣ። የአባዬ ሜትር ከጎኑ ተዘረጋ። ለካ ሜትሩ ለዓመታት ሲጎተት ኖሮ ተለጥጧል! አባዬ ፊቱ ቲማቲም መሰለ። ከጎኑ የተቀመጠ ደንበኛው፣ “ታዲያ እስካሁን የሰፋህልን ሁሉ?” ብሎ ደነገጠ። አባዬም፣ “አንተንም ጨርቁንም የምለካው በዚሁ ሜትር ነው፤ ለዚህ ነው ልክህ የሚመጣው!” አለው። እውነቱን ነው፤ ሱሪዬ ጠበበኝ ያለ ሰው አልነበረም። ሣጥኑን ግን አባዬ አልለካውም። ከውድድር ውጪ ተባልን።

በዓመቱ የብረት ሜትር ገዛን። ሮቦቱ ሣጥኑ ውስጥ ሰተት ብሎ ገባ፤ ፊሽካ ተነፋ፤ ሄደ! እኔ ወንበር ላይ ወጥቼ እጮሃለሁ። መሃል ላይ ሲደርስ ጎማው የምንጣፉ መጋጠሚያ ላይ ተሰናክሎ ባለበት ይንቀጠቀጥ ጀመር። እህቴ አንድ አመል አላት። የሚቸገር ነገር ስታይ፣ የስፌት መኪናም ይሁን ድመት፣ በጣቷ ጫፍ ነካ አድርጋ “አይዞሽ” ትላለች። ያን ቀንም እጇ ሳታዘው ሄደ። “አይዞሽ” አለችና ነካችው።

ፊሽካው ጆሯችንን በጠሰው። “ከተነሳ በኋላ በእጅ ተነክቷል። ተሰርዟል።”

ዘልዬ ሜዳው ጫፍ ሄድኩና፣ “ከጣት ጫፍ ምን ጉልበት ይወጣል? ልብ የለህም እንዴ?” ብዬ ዳኛው ላይ ጮህኩበት። “እቺንም አስወጡልኝ” አለ። ከአንድ ቤት በአንድ ቀን ሁለት ሰው ተባረረ ማለት ነው። ቤት ስንገባ እህቴ፣ “ሕጉ ልክ ነው። እጄን ነው ማስተማር ያለብኝ” አለች። እኔ እስከ ዛሬ በዚህ አልስማማም።

ሦስተኛው ውድድር የትምህርት ቤት የመጨረሻ ዓመቷ ላይ ነበር። የሮቦቱ ሽቦዎች እየተንጠለጠሉ አስቸገሯት። አባዬ የሜትሩ ነገር እንደ እሾህ ተሰክቶበት ስለነበር ለመካስ ፈለገና ለሽቦዎቹ የጨርቅ ልባስ ሰፋላቸው። ስፌቱ ሲያዩት ያስጎመጃል። ምርመራው ላይ መነጽሯ አፍንጫዋ ላይ የወረደ ዳኛ ልባሱን ገልበጥ አድርጋ አየችና፣ “ይሄን ማን ሰፋው?” ብላ ጠየቀች። ሮቦቱ ላይ ከተማሪ እጅ በቀር የማንም እጅ ማረፍ የለበትም፤ ሕጉ ነው።

አብረዋት የሚወዳደሩት የትምህርት ቤት ጓደኞቿ ከኋላ ሆነው “እኔ በያት” ብለው ጎነተሏት። እኔም ከሩቅ በከንፈሬ እለምናታለሁ። አባዬ ከተመልካቹ መሃል ፈገግ ብሎ ያያል፤ ሴትዮዋ ስፌቱን ያደነቀችለት መስሎት። እህቴ አባዬን አየችው፤ ከዚያ ወደ ዳኛዋ ዞረች።

“አባቴ ነው” አለች።

ለዳኛዋ መዋሸት ያቃታት ልጅ ለአባዬ ግን ዓይኗን ሳታሽ ዋሸችው። “ሞተሩ ተቃጥሎብኝ ነው” አለችው። አባዬ እስካሁን የሚያውቀው ይህንኑ ነው። እናንተም እንዳትነግሩት።

ዓመታት አለፉ። ሊፍት ሥራ ገባች፤ ነገሩን ውሃ በላው ብዬ ነበር። ሠላሳ ዓመት ካለፋት በኋላ ማታ ማታ ቴክኒክ ኮሌጅ ተመዘገበች። ለደረጃ ዕድገት ነው ብለን ደስ አለን። አንድ ቀን የኮሌጆች የሮቦት ውድድር ማስታወቂያ ይዛ ገባች። የተመዘገበ ተማሪ ሁሉ መወዳደር ይችላል፤ ዕድሜ አይጠየቅም።

“ለዚህ ነው እንዴ የተመዘገብሽው?” አልኳት።

“ሌላ ለምን መሰለሽ?”

“አንቺ ሴትዮ፣ እንቁላል እንኳ ቀስ በቀስ በእግሩ ይሄዳል ይባላል። ያንቺ ሮቦት ይሄው አልሄደም!”

“ይሄዳል።”

“ነገር በሦስት ይጸናል። ሦስቴ ተባረሻል፤ አይበቃም?”

“ካፈርኩ አይመልሰኝ” አለችና ብሎን ማላላቷን ቀጠለች።

አብረዋት የተመደቡት ሁለት ወንዶች በዕድሜ ልጆቿ ሊሆኑ ትንሽ የቀራቸው ናቸው። “እትዬ” ይሏታል። መጀመሪያ ሳቁባት፤ ቆይተው ፈሯት፤ በኋላ ወደዷት። ቅዳሜ ቅዳሜ ሕጉን ጮክ ብለው እንዲያነቡ ታደርጋቸዋለች። ሮቦቱን ሆን ብላ እንቅፋት ላይ ታስቀምጥና እጃቸውን ወደ ኋላ አጣምረው ሲቸገር ዝም ብለው እንዲያዩ ታዛለች። እሷም አብራቸው ትቆማለች፤ ጣቶቿ ሲፍተለተሉ ግን ከኋላ ይታያሉ። ልጆቹ ፈጣን ሞተር ይገጠም ብለው ቢለምኗት አሻፈረኝ አለች። “ሊፍት የሚመሰገነው ስለፈጠነ አይደለም፤ ሰውን ስላደረሰ ነው” አለቻቸው። ተነጫነጩ፤ አልሰማቻቸውም።

የውድድሩ ቀን አባዬና እኔ ፊት ለፊት ተቀመጥን። ሣጥኑ ወረደ። ሚዛኑንም አለፈ። “ማን ሠራው?” ተባሉ፤ ሦስቱም ባንድ ድምፅ “እኛ!” አሉ። ተቆጣጣሪው አረንጓዴ ምልክት ለጠፈበት።

ፊሽካ ተነፋ። የሌሎቹ ሮቦቶች እንደ አይጥ ፈተለኩ፤ የእህቴ ሮቦት ግን ለቅሶ ቤት እንደሚሄድ ሽማግሌ ቀስ እያለ ተነሳ። ሰው ሳቀ። ሌሎቹ ገብተው ሲጨበጨብላቸው የእሷ ገና ሜዳው መሃል ከተሠራው ዳገት ሥር ነው። ወጣ፣ ተንሸራተተ። ጎማው ባዶውን ተሽከረከረ። አንደኛው ልጅ ሳያስበው እጁን ሰደደ፤ እህቴ አንጓውን ቀብ አድርጋ ያዘችው። አልለቀቀችውም። ከንፈሯን ነክሳለች፤ ዓይኗ ሮቦቱ ላይ ነው።

ሮቦቱ እንዳስተማሩት ወደ ኋላ ተመለሰ፤ እንደገና ወጣ፤ ተንሸራተተ። እንደገና ተመለሰ። ሲስቅ የነበረው ሰው አንገቱን አሰገገ። አንድ ሰው ማጨብጨብ ጀመረ፤ ከዚያ ሁሉም። በመጨረሻ የፊት ጎማዎቹ ጫፉን ቆነጠጡ፤ ሮቦቱ ተንገዳግዶ ወጣና በወዲያኛው በኩል ወርዶ መስመሩን አለፈ። የማብቂያው ፊሽካ የተነፋው ከዚያ በኋላ ነው።

ውጤቱ ሰሌዳው ላይ ሲወጣ ከላይ ጀምሬ ፈለግኳት፤ አጣኋት። መጨረሻ ላይ ነበረች። ከእሷ በታች ያሉት ተራ ቁጥር የላቸውም፤ የተሰረዙት ናቸው። ሁለቱ ልጆች አንገታቸውን ደፉ። “እትዬ፣ መጨረሻ ወጣን እኮ” አላት አንዱ፣ ሊያለቅስ ምንም አልቀረው።

አባዬ በዚያ ርቀት ማንበብ አይችልም። “ስንተኛ ሆንሽ ልጄ?” ብሎ ጮኸ።

“መጨረሻ!” አለች እህቴ። እንባዋ በሳቋ ላይ እየወረደ ሁለቱን ልጆች አንገታቸውን አቅፋ ትዘላለች። “አባዬ፣ መጨረሻ ወጣሁ! መጨረሻ!”

“እሰይ የኔ ልጅ! እሰይ!” አባዬ ኮፍያውን ወደ ላይ ወረወረ። እኔም የምለው ጠፍቶኝ “መጨረሻ! መጨረሻ!” እያልኩ ጉሮሮዬ እስኪዘጋ ጮህኩ። ዋንጫውን የያዙት ልጆች ዞረው አዩን፤ ማን እንዳሸነፈ ግራ የገባቸው ይመስላሉ።