ዓይንሽን ስበሪ

ያን ካርቶን ከፊቴ አንሺልኝ ልጄ። አውቃለሁ፣ ለተማሪዎችሽ ነው የምትቆርጪው፤ አስተማሪ ከሆንሽ ወዲህ ቤቱ ሁሉ ካርቶን ሆኗል። ግን ይሄ የልብስ ሳሙና ሽታው አፍንጫዬ ሲገባ ንዴቴ ይነሳል። መሃሉን ቀድደሽ ስታሳዪኝ ደግሞ «በሥልጠናው ያሳዩን አዲስ ነገር ነው» አልሽኝ። አዲስ ነው? እኔ ሦስተኛ ክፍል ሆኜ እዚሁ ከሚሴ ሠርቼዋለሁ። ተቀመጪና ስሚኝ።

አጠገቤ የምትቀመጥ ልጅ ነበረች። እጅና እግሯ አይታዘዙላትም፣ አንደበቷ አልተፈታም፣ በቀኝ ጆሮዋም አትሰማም። እናቷ ከጨፋ በኩል ካለው ሰፈራቸው፣ ዐሥር ዓመት የሞላትን ልጅ በዚያ ሙቀት አዝላ ታመጣታለች። የሴትዮዋ ልብስ የማሽላ ገለባ ይሸት ነበር። ልጇን ግድግዳ አስደግፋ ታስቀምጥና እንዳትወድቅ በመቀነቷ ከአግዳሚው ጋር ታስራታለች። የመጀመሪያው ቀን ወደ እኔ ጎንበስ ብላ «ኢንተለ ኮ» አለችኝ፣ በኦሮምኛ ልጄ ማለቷ ነው፤ «ዓይኗን ተከተይ። ሽቅብ ካየች እሺ ነው። በሩን ካየች እምቢ ነው። ሁሉን ትነግርሻለች።»

ነገረችኝ። ወላሂ ሁሉን ነገረችኝ። ውሃ ሲጠማት ጀሪካኑን ታያለች። መምህሩ ሒሳብ ሲሳሳት ዞር ብላ እኔን ታየኛለች፣ ሳቅ ያመልጠናል፣ የምቆነጠጠው ግን እኔ ነኝ። አንድ ቀን ከአባቴ ሱቅ የሳሙና ካርቶን አነሳሁ። መሃሉን በምላጭ ቀደድኩ፣ በአራቱ ማዕዘን ከማባዣው ሠንጠረዥ አራት ቁጥር እየቀያየርኩ በጠመኔ ጻፍኩበት። ፊት ለፊቷ ይዤ በቀዳዳው ዓይኗን አያለሁ። ስድስት ጊዜ ሰባት ሲባል እኔ ገና በጣቴ ስቆጥር የሷ ዓይን አርባ ሁለት ላይ አርፏል። ቆርቆሮው በፀሐይ ሲንጣጣ፣ የደሴው አውቶቡስ ጥሩምባ ሲያንባርቅ፣ እሷ ከካርቶኑ ላይ ዓይኗን አትነቅልም ነበር። ሰው ግን ምላሱ ካልተላወሰ የሚያስብ አይመስለውም።

መምህራችን ክፉ አልነበረም፤ ፈሪ ነበር። እኔ ከክፉ ይልቅ ፈሪ ነው የሚያናድደኝ፣ ራሴንም ጨምሬ። ዓመቱ ሲያልቅ እናቷን ጠርቶ «ከላይ እንግዳ ይመጣል። እሱ ፊት ከመለሰች አራተኛ ክፍል ትገባለች። ካልሆነ ግን እኔ ምን ላድርግ፣ ቤቷ ትቀመጥ» አላት። እናቷ «ትመልሳለች፣ ኢንሻአላህ» አለች። በማግሥቱ አዲስ ቀሚስ አልብሳ፣ ፀጉሯን ቅቤ ቀብታ አመጣቻትና ደጅ ቆማ ጠበቀች።

እንግዳው ኮት የለበሰ ትልቅ ሰው ነበር። በቀኟ በኩል ቆሞ ማባዛት ጠየቃት፣ በማትሰማበት ጆሮ። ዘወር ብላ አፉን ለማየት ዓይኗን ፊቱ ላይ ተከለች። እሷ የምታዳምጠው እንደዚያ ነው። አንቺ «ምን አለበት?» ትይኝ ይሆናል፤ በኛ ጊዜ ግን ልጅ፣ ያውም ሴት ልጅ፣ ትልቅ ሰው ፊት አቀርቅራ ካልቆመች አለቀላት። የሰውየው ፊት ጠቆረ። «ይቺ ደግሞ ምን ዓይነት ዓይነ ደረቅ ናት? ዓይንሽን ስበሪ» አላት። ዓይኗን ከሰበረች በምን ልትናገር ነው? ይህን የሚነግረው ጠፋ። መምህሩ ጠመኔ የነካው እጁን ሱሪው ላይ ይጠርጋል።

እኔ ቁጥሮቹን ጽፌ ካርቶኑን አነሳሁ። ጥያቄውን በግራ ጆሮዋ ደገምኩላት፣ በዓይኗ መለሰች። ሁለተኛውንም መለሰች። ሦስተኛውንም መለሰች። ሰውየው ግን ወደ እሷ ሳይሆን ወደ እኔ ዞረ። «አንቺ አይደለሽም ቁጥሩን የምትመርጪላት?»

አይደለሁም ማለት ነበረብኝ። አንዲት ቃል ናት። እኔ አፍ አለኝ። ግን ትልቅ ሰው ተናግሯል፣ አለንጋው ጠረጴዛው ላይ ተጋድሟል፤ አቀረቀርኩና «አዎ፣ እኔ ነኝ» አልኩ። ሰውየው «አያችሁ?» አለ። እውነቱን ስለተናገርኩ ብሎ ራሴን ዳበሰኝ። ይኸው ይህን ያህል ዘመን አልፎ እንኳ ያ እጅ ትዝ ሲለኝ ደሜ ይፈላል።

እናቷ ገብታ መቀነቱን ፈታች። «አብሽሪ፣ ልጅ ነሽ» ብቻ አለችኝ። ብትሰድበኝ ይሻለኝ ነበር። ጓደኛዬ ከእናቷ ጀርባ ላይ ሆና በሩን ታያለች፣ ደግማ በሩን፣ ደግማ በሩን። እምቢ እያለች ነው። እነሱ ለመሄድ የቸኮለች መሰላቸው።

ለዒድ ቤታቸው ሄድኩ። ደጃፉ ላይ ሰሌን ተነጥፎላት ተቀምጣለች። ፊቷ ተንበርክኬ «ተቀየምሽኝ?» አልኳት። ዓይኗ ከሰሌኑ አልተነሳም። ሽቅብም የለ፣ ወደ በሩም የለ። አገጯን ይዤ ቀና ባደርጋት ዓይኗን ጨፈነች። በዚያ የምታልፍ ጎረቤታቸው ቆም ብላ አየቻት። «ማሻአላህ» አለች ለእናቷ፣ «ልጅሽ ዘንድሮ እንዴት ጨዋ ሆነችልሽ፣ ሰው ፊት ዓይኗን ሰበር አድርጋ።»